የ17 ዓመቷ ራቭ ፎር ትቆይ ወይስ ትሸጥ?

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ከሚወስደው መንገድ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ይኖራሉ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ በ2001 ዓ.ም. የገዟትን ባለ 2.0 ሊትር ቶዮታ ራቭ ፎር ዛሬም ይነዳሉ። ሁለተኛዋ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር የሁለት ልጆች እናት ናት፤ በዚያው ዘመን የተሠራች ሌላ ራቭ ፎር ስድስት ዓመት ነድታ በ2016 ዓ.ም. ሸጣታለች፤ በምትኩም የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታለች። የመምህሩ ልጆች «አባባ፣ መኪናዋ ትሸጥ» ማለት ከጀመሩ ወዲህ ነገሩ የግቢው ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሐሳባቸውን በጽሑፍ ለመለዋወጥ ተስማሙ። የተጻጻፉት ይኸው።

ትቆይ ባይ

በመኪናዬ ኪስ ውስጥ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለ። የመጀመሪያው መስመር «ጥቅምት 2001፤ 31,400 ኪሎ ሜትር፤ ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ» ይላል። የመጨረሻውን መስመር የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው፤ 268,900 ኪሎ ሜትር። በሁለቱ መካከል ያለውን ሁሉ በእጄ ስለጻፍኩት ስለዚህች መኪና የምናገረው ከመዝገብ ነው።

መዝገቡን ልዘርዝረው። አምስት ባትሪ ጨርሳለች። የኋላ ቀኝ ኩሽኔታ በ143,000 ተቀይሯል። የውሃ ፓምፑ በ171,000 አርጅቶ ተለውጧል። የፍሬን ሸራና ካንዴላ በየጊዜያቸው ተተክተዋል። ጎሚኒዎቹን (የእግሮቹን የላስቲክ ማያያዣዎች) አልቆጥራቸውም፤ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ወጥቶ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ የሚገባ ሰው ጎሚኒ ሳይቀይር ዓመት አይዘልቅም። ሞተሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተከፈተም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ካምቢዮውም (የማርሹ ሳጥን) አልወረደም። መንገድ ላይ የቆመችብኝ በ17 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስድስት ኪሎ ሰማዕታት ሐውልት አጠገብ። እሱም ቢሆን «ለደመወዝ ይድረስ» ብዬ ያሳደርኩት ባትሪ ነበር።

እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። የዚህች መኪና ሞተር ቫልቮች የሚንቀሳቀሱት በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው እንጂ በየተወሰነ ኪሎ ሜትር መቀየር በሚያስፈልገው ቺንጋ (የላስቲክ ቀበቶ) አይደለም። ቺንጋ ሳይታሰብ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፤ ካቴና ግን ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረለት የሞተሩን ዕድሜ ያህል ሊኖር ይችላል። ቱርቦ የላትም። ሞተሯ ከሚችለው በላይ እንዲሠራ አልተጨነቀም። ራቭ ፎር በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለገበያ ከቀረበች ጀምሮ ሰውና ዕቃ ጭና ከከተማ ወጣ ብላ እንድትመለስ ነው የተሠራችው፤ እኔም ያዘዝኳት ይህንኑ ነው። አራት ልጆች ትምህርት ቤት አመላልሳለች። እናቴን በየዓመቱ ደብረ ሊባኖስ አድርሳ መልሳለች። የመጨረሻዋን ልጄን የዳርኩት በእርሷ ነው።

ታዲያ ምን አድርጋ ትሸጥ? ዕድሜዋን ስለቆጠርንባት ብቻ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ተነገረ። ዛሬ ብሸጣት ነገ ተመልሼ እርሷን የምትመስል አላገኝም። ጠባይዋን የማውቃትን ሰጥቼ የማላውቀውን ልቀበል ነው?

ትሸጥ ባይ

መምህር፣ ደብተርዎን አገላብጬ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ደብተር በሒሳብ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ከድርጅቶች እንኳ ብዙ ጊዜ አላገኘሁም። ስለዚህ የምለውን ከክብር ጋር ይቀበሉኝ፤ ደብተሩ የሚመሰክረው ስለ መኪናዋ ሳይሆን ስለ እርስዎ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀይር፣ ድምፅ ሲሰማ በዚያው ሳምንት ጋራዥ የሚገባ፣ መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሦስት ሱቅ አዳርሶ ዕቃውን በእጁ መዝኖ የሚመርጥ ሰው እጅ የገባች መኪና ብዙ ዘመን ብትኖር ምን ይደንቃል?

የእኔን ይስሙ። በ2010 ዓ.ም. ስገዛት ኪሎ ሜትሯ 92,000 ይላል። ሻጩ ምሎ ተገዝቶ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ዘይት የሚቀይረው ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ አቧራውን ሲጠርግ ከኮፈኑ ሥር የተለጠፈ ወረቀት አገኘ። በዐረብኛ የተጻፈ የዘይት ቅያሪ ምልክት ነው፤ ፀሐይና ሙቀት አጥቦት ጠርዙ ተልጧል። ቁጥሩ ግን ይነበባል፤ 148,000። ወረቀቱን ይዤ እዚያው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። የልጆቼን ደኅንነት የጣልኩበትን ቁጥር ሰው በእጁ መልሶት ነበር።

ከዚያ ሙቀት መጨመር ጀመረች። አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለውና «አሁን እንደ ልብሽ ንጂ» አለኝ። ሌላው የራዲያተሩን ክዳን በርካሽ ቀየረው። ውሃ ሲጎድል የቧንቧ ውሃ እጨምራለሁ፤ ሌላ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ልጄ ትምህርት ቤት ትኩሳት ይዞት ደወሉልኝ። ከኋላ አስተኝቼው ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስወጣ፣ ፖስታ ቤትን አልፌ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስቃረብ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ፈነዳ። ዝናብ ይወርዳል፣ ከኋላዬ መኪና ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል፣ ልጄ ያቃስታል። ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ቴስታታው ተነሣ። ሃያ ሦስት ቀን ጋራዥ ቆመች።

የእርስዎም የእኔም ራቭ ፎር ናቸው፤ በአንድ ዘመን የተሠሩ። ለእርስዎ አስተማማኝ ነበረች። ለእኔ አልነበረችም። አስተማማኝ የምንለው ነገር ያለው በብረቱ ውስጥ ከሆነ ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

ትቆይ ባይ

ልጄ፣ የዚያን ቀን በር ላይ ቆሜ ነበር። ልጁን አቅፈሽ ዝናብ እየመታሽ በእግርሽ ስትገቢ አይቻለሁ። ስለዚህ የምመልስልሽ አቅልዬው አይደለም።

ግን የደረሰብሽን በሙያዬ ልንገርሽ፣ መኪናዋ በሐሰት ስትከሰስ ዝም ልል አልችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። በተማሪዎቼ ፊት ስንት ጊዜ በጀበና አሳይቻለሁ! የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው ቀን የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጣት አይወፍርም። ይህንን ጠባብ ቦታ የሚያሰፋው ያ እንደ ዋዛ በርካሽ የተቀየረው የራዲያተር ክዳን ነው። ደህና ክዳን ውሃውን በግፊት ይዞ እስከ 115 ዲግሪና ከዚያም በላይ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ግፊት የማይዝ ክዳን ካለ ግን የቸርችል ዳገት ላይ ውሃሽ ልክ እንደ ጀበናው ይፈላል። የባሕር ዳርቻ ከተማ ነጂ በላላ ክዳን ጥቂት ሊሰነብት ይችላል፤ የአዲስ አበባ ነጂ ግን ያ ዕድል የለውም።

ቴርሞስታት ማውጣትም በከተማችን እንደ ሕክምና የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ዘግቶ የሚያቆይ በር ነው። ሲወጣ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ አብዝቶ ይጠጣል፣ ዘይቱ ውስጥም እርጥበት ይጠራቀማል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ውስጡን ያዝጋል፣ የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቱቦዎች ደለል ያስይዛቸዋል። ለዚህ ነው ኩላንት (የማያዝግ የራዲያተር ፈሳሽ) የተሠራው።

እንግዲህ ፍረጂ። ኪሎ ሜትሯን የመለሰ ሻጭ፣ ቴርሞስታት የጣለ መካኒክ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን፣ የቧንቧ ውሃ። ይህ ሁሉ ተደርጎባት አራት ዓመት አገለገለችሽ። እኔ ይህን የምለው ጥንካሬ ነው።

ትሸጥ ባይ

በጀበናው ምሳሌ ተምሬአለሁ፤ በ2010 ዓ.ም. ቢነግሩኝ ምንኛ በጠቀመኝ። ግን መልስዎ የእኔን ነገር አጠናከረልኝ። መኪናዋ ሳትበላሽ እንድትኖር ባለቤቷ የፊዚክስ መምህር መሆን ካለበት፣ ያቺ መኪና ለሰው ሁሉ አስተማማኝ ናት ማለት አይቻልም። ቤተሰብ መኪና የሚገዛው ከፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ አብሮ መካኒኩን፣ መለዋወጫ ሻጩን፣ ዳገቱን፣ ከፍታውን ይገዛል።

መካኒክዎንስ? ካዛንቺስ የነበረውና አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዎን ያወቀው ሰው ዛሬ የት ነው? ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ጋራዡ አብሮ ሄደ። አሁን ከተማ ዳር ድረስ ይሄዳሉ፤ ባለፈው ለአንድ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ) ቅያሪ ማለዳ ወጥተው ማታ ነው የተመለሱት። ደብተርዎ የዕቃውን ዋጋና ኪሎ ሜትሩን ይመዘግባል፤ ያጠፉትን ቀን አይመዘግብም። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በመዝገብ ያልገባ ወጪ ወጪ አይደለም ሲሉኝ አልስማማም። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ኦርጅናል ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ ወጣ። ኦርጅናሉ ሲወደድ ሰው ወደ አስመስሎ የተሠራው ይሄዳል፤ የእኔን ዓይነት ክዳን ይገዛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝን ልንገርዎ። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቶዮታ በአሜሪካ ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩ ራቭ ፎሮችን ከ700,000 በላይ ለጥገና ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ የኋላ እግር ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የብረት ክንድ) ነው። የኋላ ጎማ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ተሠርቶ የብራቾው ዳዶዎች (የብሎን ማጥበቂያዎች) በሚገባ ካልጠበቁ ክሩ ላልቶ ይዝጋል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም ብራቾው ሊለያይ ይችላል። የእርስዎ መኪና የዚያ ዘመን ናት። በ13 ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ደውሎ «መምህር፣ መኪናዎን አምጡ» ብሎዎታል? ማንም አይደውልም። በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ ዞራ የመጣች መኪና አድራሻ የላትም። ታካታ የተባለው አምራች የሠራው ኤርባግ ጉድለትም እንዲሁ ነው። በብዙ ኩባንያዎች መኪኖች ውስጥ የነበረው ያ የአየር ከረጢት ማፈንጃው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲጎዳ የብረት ፍንጣሪ ይተፋ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ተጠርተውበታል። በእኛ ከተማ መኪናቸው ከተጠሩት መካከል መሆኗን ያወቁ ስንት ናቸው?

ሞተር ስላልተከፈተ ብቻ መኪና ደህና ናት አንልም፣ መምህር። ሞተር ሲበላሽ ያስቆማል። ብራቾ ሲለያይ ግን ይገለብጣል።

ትቆይ ባይ

ይህን ጽሑፍሽን ያነበብኩት ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ጠርቼ መኪናዋን በሁለት ክሪክ አነሣናት፣ ከሥሯም ግንድ አስገባን፤ ባትሪ መብራት ይዤ በጀርባዬ ገባሁ። ዕድሜዬ 68 ነው፣ ከመኪና ሥር ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። የኋላውን ብራቾ ጭቃ በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁት። የቀኙ ዳዶዎች እንደ ድንጋይ ጠብቀዋል። የግራውን በቁልፍ ስይዘው ግን ሩብ ዙር ዞረ። ኃይል እንኳ አልጠየቀኝም። ክሩ ሥር እንደ በርበሬ የቀላ ዝገት ነበር።

በደብተሬ አራት ጊዜ አላይመንት እንደተሠራላት ተጽፏል። ከአራቱ በአንዱ ቀን አንድ ሰው ዳዶውን ሳያጠብቅ ትቶት ሄዷል። እኔም «አላይመንት ተሠራ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ የልጅ ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ነድቻለሁ። ይህን ልደብቅ አልችልም፤ ደብተሬ ያላየው ነገር ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለቱም ብራቾዎች ሰኞ ተቀየሩ፤ አሮጌዎቹ በረንዳ ላይ ናቸው፣ የፈለገ መጥቶ ይያቸው። ራቭ ፎር ያለው ጎረቤት ሁሉ ዛሬውኑ ያስፈትሽ።

እንዲህም ሆኖ መደምደሚያሽን አልቀበልም። አደጋውን አንቺ ነገርሽኝ፣ እኔ በብሩሽና በቁልፍ አገኘሁት፣ አንድ ተራ መካኒክ በግማሽ ቀን አስተካከለው። የዚህች መኪና ምሥጢር ሁሉ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ከ30 ዓመት በላይ በዓለም ሁሉ ስለተነዳች ሕመሟ ሁሉ ተጽፎ አልቋል። በአንቺ ኤሌክትሪክ መኪና ወለል ሥር ግን የታሸገ ባትሪ ነው ያለው። ቢታመም ማን ይከፍተዋል? ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ በቻይንኛ ነው፤ ባለፈው ጥር ቢጫ ምልክት በርቶ ስልክሽን ደግነሽ ስታስተረጉሚ አይቻለሁ። ብዙዎቹ በኩባንያው ወኪል በኩል የገቡ አይደሉም። አምራቹ ለባትሪው ስምንት ዓመት ዋስትና እሰጣለሁ ቢል፣ ዋስትናው ለተሸጠበት አገር ነው እንጂ ለአራት ኪሎ አይደለም። የፊት መብራትሽ ሲሰበርስ ስንት ጊዜ ጠበቅሽ?

ዋናውን ደግሞ አንርሳ። የምንከራከረው ስለ ረጅም ዘመን ልምድ ነው። አንቺ ያለሽ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላ ልምድ ነው። የሁለት ዓመት መኪና ሁሉ ጥሩ ነው፤ የእኔም በ2003 ዓ.ም. እንከን አልነበራትም።

ትሸጥ ባይ

መብራቱን አሥራ አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። በእነዚያ ሳምንታት ማታ ማታ ቤቴ ተቀምጬአለሁ። ጎማውም ቶሎ ነው የሚያልቀው፤ መኪናው በባትሪው ምክንያት ከባድ ነው፣ ስትረግጠው ደግሞ ኃይሉ ባንድ ጊዜ ይመጣል። ሁለት ዓመት ረጅም ዘመን አይደለም ያሉትንም እቀበላለሁ። እኔ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የአሥር ዓመት ምስክር ነኝ አልልም፣ በአዲስ አበባም እንዲህ የሚል ሰው ካለ አያምኑት።

ግን እርስዎም ስለ ራቭ ፎር ሁሉ ምስክር አይደሉም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በመኪና ማቆሚያው «የእኔ 15 ዓመት፣ የእኔ 18 ዓመት» የሚባባሉትን አባቶች አስባለሁ። እዚያ የሚቆሙት መኪኖቻቸው የቀሩላቸው ናቸው። እንደ እኔ ቴስታታ ያስነሡት፣ በግማሽ ዋጋ የሸጡት፣ ሞተር አስወርደው የተሰላቹት እዚያ የሉም፤ ምስክርነታቸውም አብሮ ሄዷል። ደግሞ ራቭ ፎር አንድ ስም እንጂ አንድ መኪና አይደለችም። በእርስዎ መኪና ዘመን የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት የሚበላ ሆኖ ቶዮታ ራሱ በአሜሪካ ለዚያ ሞተር የዋስትና ጊዜውን አራዝሞለታል። ስሙን ብቻ አምኖ የገዛ ሰው የትኛው እንደደረሰው አያውቅም።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ከደብተርዎ እንደሠራሁት በወር በአማካይ 1,150 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ፤ በከተማ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ይጠጣሉ። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገና 50 ብር አልሞላም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። በ100 ብር እንኳ ብናስበው በወር ከ12,000 ብር በላይ ነው፤ ይህ ለጡረተኛ ነው። በማደያ ሰልፍ የቆሙባቸውን ሰዓታት አልጨመርኩም። የእኔ ማታ ግቢያችን ውስጥ ተሰክቶ ያድራል፤ መብራት የጠፋ ሌሊት ደግሞ ያለፈው ቀን የቀረው ያደርሰኛል።

እንጦጦን ያስቡት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የእርስዎ ሞተር ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያጣል፤ ይህን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ስድስት ሰው ጭነን የወጣን ቀን መርፌውን እያዩ፣ ልብስዎን እያላቡ ነበር የነዱት። በእኔ ስንወጣ አየር የሚፈልግ ነገር የለም። ስንወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ይይዛል፣ ባትሪውን ይሞላል። እናቴ የዚያን ቀን «የቁልቁለቱ ፍርሃት የት ሄደ?» ነው ያለችው። የፍሬን ሸራዬ በ31,000 ኪሎ ሜትር ገና አዲስ ነው።

«ጠባይዋን የማውቃትን ሰጥቼ» ብለዋል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደማለት ነው። ያ ሩብ ዙር የዞረው ዳዶ ግን የሚያውቁት አልነበረም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፣ በቀጥታ ይመልሱልኝ። ምን ቢያዩ ነው የሚሸጧት? ምንም ቢሆን አልሸጣትም ካሉ ይህ ፍቅር ነው፣ እኔም ከፍቅር ጋር አልከራከርም።

ትቆይ ባይ

ቀጥታ ጥያቄ ነው፣ ቀጥታ እመልሳለሁ። ደብተሩ ውስጥም በዛሬ ቀን ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያው ወለሏ ነው። ሞተር ይታደሳል፣ የዛገ አካል ግን ሰው አይጠብቅም። ከበሮቹ ሥር ወይም እግሮቹ በተያያዙበት ቦታ ብረቱ በመዶሻ ሲነካ ከተሰነጠቀ በዚያው ሳምንት ትወጣለች። ሁለተኛው የሞተሩ ግፊት ነው። አራቱም ሲሊንደሮች ይለካሉ፤ ቁጥራቸው ከተራራቀ ወይም በሁለት ዘይት ቅያሪ መካከል መጨመር ካስፈለገኝ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው፣ ሞተር አላስወርድላትም። ሦስተኛው የዓይኔ ነገር ነው፤ ማታ መንዳት ሲያቅተኝ ቁልፉን ራሴ አስረክባለሁ።

ይህንን ምርመራ ከአሁን በኋላ የእኔ መካኒክ አይሠራውም። እኔንም እሷንም የማያውቅ፣ መኪናውን ለመግዛት የመጣ ይመስል የሚያይ ሌላ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለቦሎ ከመሄዷ በፊት ከሥር እስከ ላይ ይፈትሻታል። ይህንን ያስተማረኝ ያ ዳዶ ነው። የተጠሩ መኪኖችንም ልጄ በሻንሲ ቁጥሯ ይፈልግልኛል።

ነዳጁን በተመለከተ ሒሳብሽ ትክክል ነው፣ አልከራከርሽም። ግን እኔ ዛሬ መኪናዋን ሸጬ የኤሌክትሪክ ለመግዛት የምጨምረው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከጡረታዬ? ልጆቼ ቢሰጡኝ የእነርሱን ቤት ኪራይ ነው የምወስደው። የእኔ ምርጫ በራቭ ፎርና በኤሌክትሪክ መካከል አይደለም፤ በራቭ ፎርና በእግር መሄድ መካከል ነው። በከተማው ብዙ ሰው እንደ እኔ ነው። ለዚህ ሰው «ሽጥ» ከማለት ክዳኑን፣ ኩላንቱን፣ ብራቾውን እንዴት እንደሚጠብቅ መንገር የበለጠ ይጠቅመዋል እላለሁ። እሷም የምትሸጥበት ቀን ሲመጣ ከደብተሩ ጋር ነው የምትሸጠው፤ የሚገዛት ሰው እንደ አንቺ ከኮፈን ሥር ወረቀት እንዲፈልግ አላደርገውም።

አንድ ነገር ግን ከአንቺ እፈልጋለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ይህንን ክርክር የሚቀጥል ሰው ይመጣል። ያኔ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በዚህ ከተማ ከመዝገብ የሚናገር ማን ይኖራል?

ትሸጥ ባይ

የኪራዩን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ መምህር። እርስዎ መሸጥ የለብዎትም፤ የምለው እስካሁን የሸጡም የሚሸጡም ሰዎች አልተሳሳቱም ነው። በዚህ አልወርድም።

ስለ መዝገቡ መልሴ ይኸው። ትናንት ከአራት ኪሎ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዝቻለሁ። ዓምዶቹን ከእርስዎ ገልብጬ አንድ ጨምሬአለሁ፤ «የጠፋ ሰዓት» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይነበባል፦

«31,260 ኪሎ ሜትር። የፊት ግራ ጎማ ጎኑ ተበልቷል፤ ጎሚስታው የአራቱንም ቦታ አዙሯል። ባትሪው 100 በመቶ ሲሞላ ስክሪኑ የሚያሳየው ርቀት 402 ኪሎ ሜትር፤ አዲስ ሳለ 415 ነበር። የቻይንኛው ቢጫ ምልክት ትርጉም፦ የጎማ አየር ቀንሷል። የጠፋ ሰዓት፦ ሁለት።»